«ተልኳል» የተባለው ኢ-ሜይል የት ይቀራል?

እንደሚታወቀው ዛሬ የብዙ ኮሌጅ ማስታወቂያ የሚወጣው በድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ዎርድፕሬስ፣ ሰው ሲመዘገብ ወይም የይለፍ ቃል ሲጠፋበት በራሱ ኢ-ሜይል ይልካል። ተጨማሪ ክፍል ከተገጠመለት ደግሞ አዲስ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ለሁሉም ያሳውቃል። ይልካል እንጂ ሁልጊዜ አይደርስም። ማሽኑ «ተልኳል» ይላል፤ እጩ መምህሩ ሣጥኑን ከፍቶ ቢያይ ባዶ ነው። በዚህ መካከል የምዝገባው ቀን ያልፍና «ማስታወቂያ አታይም ወይ!» ተብሎ ጥፋቱ በእሱ ላይ ይላከካል። ስለዚህ ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

የደብዳቤው መንገድ

አንድ ደብዳቤ ከሞጣ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ደብረ ወርቅን፣ ብቸናንና ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ከሞጣ ተነሣ ማለት አዲስ አበባ ገባ ማለት አይደለም። ኢ-ሜይልም እንዲሁ ነው። ድረ ገጹ ለላኪው የፖስታ ሰርቨር ያስረክባል፤ ያም ለተቀባዩ ሰርቨር፣ ለምሳሌ ለጂሜይል ያቀብላል። የተቀባዩ ሰርቨር ፈትሾ ይቀበለዋል፣ ይመልሰዋል፣ ወይም ስፓም ወደሚባለው ክፍል ይጥለዋል።

ይህ የቅብብል ደንብ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ይባላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ጆን ፖስቴል ሲጽፈው ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራ አንቀጽ አልነበረውም። ማንም በማንም ስም መጻፍ ይችል ነበር። አጭበርባሪ ሲበዛ የተቀባዮቹ ሰርቨሮች ተጠራጣሪ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ ንጹሑም ደብዳቤ አብሮ ይያዛል።

የማይደርስባቸው ምክንያቶች

1ኛ/ ከቤቱ አልወጣም። ዎርድፕሬስ እንደተገጠመ፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ፣ ኢ-ሜይሉን የሚሰጠው ለሰርቨሩ የፒ.ኤች.ፒ. የፖስታ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ «እሺ» የሚለው ደብዳቤውን ስለተረከበ እንጂ ስላደረሰ አይደለም። አንዳንዱ ሰርቨር ላይ ፖስታ የሚያመላልስ ፕሮግራም ጭራሽ የለም። ሌላው ላይ ፕሮግራሙ አለ፣ ግን መውጫው በር ቁጥር 25 ተዘግቶበታልና ደብዳቤው ተሰልፎ ይቀራል።

2ኛ/ ቀጠሮው አልነቃም። የዎርድፕሬስ የቀጠሮ ሥራ የሚጀምረው ሰው ድረ ገጹን ሲጎበኝ ነው። እኩለ ሌሊት እንዲላክ የታዘዘ ማሳወቂያ ጎብኚ ከሌለ ጧት የመጀመሪያው ሰው እስኪመጣ ይተኛል።

3ኛ/ ማኅተም የለውም። አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ማኅተም የመጣ ደብዳቤ እንደማይቀበል ሁሉ ጂሜይልም ማረጋገጫ ይጠይቃል። ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለው «በእኔ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ነው። ዲ.ኬ.አይ.ኤም. የማይታይ ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫው ሳይሟላ ሲቀር ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይነግረዋል። ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. (2016 ዓ.ም.) ጀምሮ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን፣ በቀን ከ5000 በላይ ከሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ይጠይቃል። ድረ ገጹ በራሱ አድራሻ ፈንታ በግል የጂሜይል አድራሻ ስም ሲልክም ተቀባዩ እንደ አስመሳይ ይቆጥረዋል።

4ኛ/ የተቀባዩ ሣጥን ችግር አለበት። በምዝገባ ጊዜ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ደብዳቤው ሌላ ቤት ይሄዳል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ፎቶግራፍም ከዚሁ ይቆጠራል። በስልክ ፎቶ ከሞላ አዲስ ኢ-ሜይል አይገባም።

መረብ ሲቋረጥስ?

ብዙ ሰው «ኢንተርኔት ሲጠፋ የተላከው ሁሉ ጠፋ» ይላል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜም ለጂሜይል ተጠቃሚ የተላከ ደብዳቤ የሚጠብቀው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን በጉግል ሰርቨር ነው፤ ልክ በፖስታ ሣጥን እንደሚቆይ ደብዳቤ። ነገር ግን በውስጡ ያለው ይበላሻል። የዎርድፕሬስ የይለፍ ቃል መቀየሪያ የሚያገለግለው እንደተለመደው ለ1 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ መረቡ ሲመለስ የቆየውን ከመነካካት አዲስ መጠየቅ ይሻላል።

እንዴት ይፈለጋል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና በቅደም ተከተል ይታይ፦

ሀ/ ተቀባዩ መጀመሪያ ስፓም የሚለውን ክፍል ይይ፤ አድራሻውንም ፊደል በፊደል ያመሳክር።
ለ/ ድረ ገጹን የሚይዘው ሰው የሙከራ ኢ-ሜይል ወደ ጂሜይልና ወደ ሌላ ድርጅት ሣጥን ይላክ። አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ ከቀረ ደብዳቤው ከቤት ወጥቷል፤ ችግሩ ማኅተሙ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጋ ካልደረሰ ከላኪው ሰርቨር ይጀመር።
ሐ/ የሰርቨሩ መዝገብ ይነበብ። በ4 የሚጀምር ቁጥር «ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር «አልቀበልም» ማለት ነው። በ5 የተመለሰውን ምክንያቱን ሳያስተካክሉ ደጋግሞ መላክ ከንቱ ድካም ነው።
መ/ የደረሰውን አንዱን በጂሜይል ከፍቶ «ኦሪጅናሉን አሳይ» በሚለው ማኅተሞቹ ማለፋቸውን ማየት ይቻላል።
ሠ/ መፍትሔው ባብዛኛው ድረ ገጹ በስምና በይለፍ ቃል ገብቶ፣ በበር 587 በኩል፣ በራሱ አድራሻ እንዲልክ ማድረግ ነው። ቀጠሮውንም ጎብኚ ሳይጠብቅ ሰርቨሩ ራሱ እንዲቀሰቅስ ማዘዝ ይገባል።

በመጨረሻም ለመምህራንም ሆነ ለእኛ ለእጩዎች የሚበጀው ይህ ነው፦ «ተልኳል» የሚለው ቃል ለማስረጃ አይበቃም፤ ማስረጃው «ደርሶኛል» የሚለው ነው። የምዝገባና የፈተና ቀን በኢ-ሜይል ብቻ አይነገር፤ በዚህ ሰሌዳም ይለጠፍ፣ በክፍል አለቃም ይነገር። ያልደረሰው ሰው ሲመጣም ከመውቀስ በፊት ደብዳቤው የት እንደቀረ ይጠየቅ።