ፕሮጀክት ሲዘጋ ዕውቀቱን ማን ይረከባል?

በበርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከመደበኛው የሥራ ሂደት ጎን የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ማየት የተለመደ ሆኗል። መንገድ ሲገነባ፣ የመረጃ ሥርዓት ሲዘረጋ ወይም የመጠጥ ውኃ ተቋም ሲተከል ሥራው የሚመራው መነሻና መድረሻ ጊዜው ተወስኖ፣ በጀቱ ተለይቶና ባለሙያዎቹ ከልዩ ልዩ ክፍሎች ተውጣጥተው ነው። ከዓመት ዓመት ከሚደጋገመው የደመወዝ ክፍያ፣ የፈቃድ እድሳት ወይም የመዝገብ አያያዝ ሥራ የሚለየውም በዚሁ ነው። ፕሮጀክት የሚጀመረው ለማለቅ ነው።

አሠራሩ የዛሬ መልኩን የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይልን የሚሠሩለትን በርካታ ተቋራጮች ለማቀናጀት እ.ኤ.አ. በ1958 ፐርት የተሰኘውን የጊዜ ዕቅድ ስልት አዘጋጀ። ሚሳይሉም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960 ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ተተኮሰ። ስልቱ ለስኬቱ የነበረውን ድርሻ በኋላ ያጠኑ ምሁራን ቢጠራጠሩትም ዝናው ወደ ሌሎች የሥራ መስኮች ተዛመተ። ተደጋጋሚው ሥራ ለማሽንና ለኮምፒዩተር እየተላለፈ በሄደ መጠን ደግሞ ለሰው የሚቀረው ሥራ በአመዛኙ አዲስ ነገር መፍጠርና ነባሩን መለወጥ በመሆኑ፣ ድርጅቶች ይበልጥ ወደ ፕሮጀክት አደረጃጀት አዘንብለዋል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አሠራሩ የራሱ ዋጋ አለው። የፕሮጀክት ክፍያ ከመደበኛው ደመወዝ ሲበልጥ ልምድ ያለው ባለሙያ ወደዚያው ይሳባል። ውሉ ሲያበቃም ባለሙያው ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቋሚው ሠራተኛ የሚረከበው ቁልፍና የንብረት ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

ይህ ችግር በዓለም አቀፍ ደረጃም ታውቆ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ አገሮችና ለጋሾች እ.ኤ.አ. በ2005 በተቀበሉት የፓሪስ መግለጫ፣ ከመንግሥት መዋቅር ውጭ የሚቋቋሙ የፕሮጀክት ማስፈጸሚያ ክፍሎችን ቁጥር እ.ኤ.አ. እስከ 2010 በሁለት ሦስተኛ ለመቀነስ ግብ ተቀምጦ ነበር። ሆኖም በመግለጫው ከተመዘኑት 13 ግቦች በዓለም ደረጃ የተሳካው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያም ይህኛው አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ለጋሹ ሒሳቡ ተለይቶ እንዲያዝለትና ሪፖርቱ ፈጥኖ እንዲደርሰው ይሻል፤ ተቀባዩም ተጨማሪ ተሽከርካሪና የሰው ኃይል ያገኛል። ጉዳቱ የሚታየው ሁለቱም ከተለያዩ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1210/2012 የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች በጀት ከመያዙ በፊት በጥናት ተዘጋጅተው እንዲገመገሙ ሥርዓት ዘርግቷል። የአጀማመሩን ጉድለት ለማረም ይህ ተገቢ እርምጃ ነው። የአጨራረሱ ጉዳይ ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በግንባታ ሥራ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ጉድለት የሚታረምበት ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም የመጨረሻ ርክክብ ይከተላል። ለባለሙያ ዕውቀት እንዲህ ያለ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ርክክብ እምብዛም አይታይም።

የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ሲጀምር፣ ሥራ ማስኬዱ ለገንቢዎቹ የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመታት በውል ተሰጠ። የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞች በእነዚህ ዓመታት በማሽከርከር፣ በጥገናና በስምሪት ከቻይናውያን ባልደረቦቻቸው ጎን እየሠሩ ሠለጠኑ። በ2016 ዓ.ም. አመራሩ ለሁለቱ አገሮች ሲተላለፍ፣ የተረከቡት ሰዎች ሥራውን ለዓመታት ሲሠሩት የቆዩ ነበሩ።