በበር የገባ፣ በአጥር የዘለለ፦ ሰውነታችን ምግብን እንዴት ይለምዳል፣ እንዴትስ ይጣላል?

በኢሉባቦሯ ዳሪሙ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ ቁርሱ ለሁሉም እኩል ይዞራል። ንፍሮም ይሁን ቆሎ፣ ዳቦም ይሁን የበቆሎ ቂጣ፣ ሳይዘግን የሚያሳልፍ የለም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ እጁን ሰብሰብ አድርጎ «ለእኔ ይቅርብኝ፤ ሰውነቴ አይወደውም» ይላል። ምን እንደሚያደርገው ቢጠየቅ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ሆዱን ይነፋዋል፤ ሌላውን ያሳክከዋል፤ የሦስተኛው ከንፈርና ዐይን ያብጣል። ለሁሉም ያወጣነው ስም ግን አንድ ነው፦ አለርጂ።

ስሙ ለሁሉም አይገባም። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚጮህ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም አንሶት ነው። ጓያ አዘውትሮ በልቶ እግሩ የከዳው ሰውም አለርጂ አልያዘውም፤ በጓያው ውስጥ ያለ መርዝ ነርቩን ጎድቶታል። «ምች» ብለን ዳማከሴ የምናሽለት፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ደግሞ በአብዛኛው የቫይረስ ሥራ ነው። የምግብ አለርጂ የምንለው የሰውነት መከላከያ ራሱ፣ ምንም ክፋት የሌለበትን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር በዚህ ይታወቃሉ። ፈጣኑ ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

እንዲያውም ይበልጥ የሚያስገርመው የብዙዎቻችን ሰላም ውሎ ማደር ነው። ሰውነታችን ባዕድ ነገር አይወድም። ዓይነቱ ያልገጠመ ደም ቢሰጠን ይዋጋዋል፤ የሌላ ሰው ኩላሊት ቢተከልልን ያለ መድኃኒት አይቀበለውም። የዶሮ እንቁላል፣ የላም ወተት፣ የጤፍና የበቆሎ ፕሮቲን ግን ሁሉም ባዕድ ሆነው ሳለ በየቀኑ ገብተው በሰላም ያልፋሉ። ምክንያቱን ፍለጋ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የ1911 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የበቆሎ ፕሮቲን በጊኒ ፒጎች ሰውነት በመርፌ ሲያስገባና ከጊዜ በኋላ ሲደግመው፣ በቆሎ ቀምሰው የማያውቁት ክፉኛ ታመሙ። በቆሎ እየበሉ ያደጉት ግን ምንም አልሆኑም። አስቀድሞ መብላቱ ራሱ መከላከያቸውን አስተምሮታል ማለት ነው።

ነገሩን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። አንድ ሰው ከግቢው በር ቆሞ «ቤቶች!» ቢል ውሻው ይያዝለታል፤ ይገባል፤ ቡና ይቀርብለታል። ያው ሰው በሌሊት አጥር ዘሎ ቢገባ የሚጠብቀው ዱላ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አገባቡ ነው። ለሰውነት በሩ አንጀት ሲሆን አጥሩ ቆዳ ነው።

መጀመሪያ በሩን እንይ። በአንጀት ግድግዳ ሥር ዴንድሪቲክ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ። ከሚያልፈው ምግብ ጥቂት ፕሮቲን ይቆነጥሩና በአቅራቢያው ወዳለው ንፍፊት ወስደው ለቲ ሴሎች ያሳያሉ። ቲ ሴል የመከላከያው አዛዥ ነው፤ ለጦርነትም ለሰላምም ሊሰለጥን ይችላል። የአንጀቱ ዘበኛ ከቫይታሚን ኤ የሚያዘጋጀው ንጥረ ነገር ስላለው፣ ያንን እየረጨ ሲያሳያቸው ብዙዎቹ ቲ ሴሎች ወደ አረጋጊነት ያደላሉ። እነዚህ አረጋጊ ቲ ሴሎች የሰፈር ሽማግሌን ይመስላሉ፤ ጠብ ሊነሳ ሲል መሐል ገብተው «ተዉ፣ እናውቀዋለን» ይላሉ። ሽማግሌዎቹን ያገኘው ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ አሠራራቸውን የሚመራውን ጂን ካገኙት ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ይህ ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ሰውነታቸው ራሱን ይወጋል፤ ብዙዎቹም ከባድ ችፌና የምግብ አለርጂ ይይዛቸዋል። ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ደግሞ ወደ አጥሩ። የሕፃን ቆዳ በችፌ ሲሰነጣጠቅ አጥሩ ፈርሷል። በቤት ውስጥ ያለ የምግብ ብናኝ፣ እንቁላል የነካ እጅ፣ የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት በስንጥቁ ይገባል። የቆሰለው ቆዳ ሴሎች «ሌባ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ጩኸቱን የሰሙት ቲ ሴሎችም ለጠብ ይሰለጥናሉ። በእነሱ ትእዛዝ ሌሎች ሴሎች አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። አይጂኢ ማስት በሚባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ፣ እንደተቀባበለ ጠመንጃ ያንን ምግብ ይጠብቃል። ምግቡ በቀጣዩ ጊዜ በአፍ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ማሳከኩ፣ እብጠቱ፣ ማስመለሱ፣ ባስ ሲልም የትንፋሽ ማጠሩና የደም ግፊት መውደቁ ከዚያ ይመጣል። «ልጄ እንቁላል የቀመሰው ገና ዛሬ ነው፤ እንዴት ሊያመው ቻለ?» ለምትል እናት መልሱ እዚህ አለ። በአፉ የመጀመሪያው ይሁን እንጂ፣ ቆዳው ቀድሞ ሊያውቀው ይችላል። በእንግሊዝ አገር በ2003 የወጣ ጥናት የለውዝ ዘይት ያለባቸው ቅባቶች የተሹባቸው ሕፃናት በለውዝ አለርጂ ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል።

አጥሩ የሚላላበት ምክንያት ግን ከአገር አገር ይለያል። በአውሮፓ ብዙ የችፌ ሕሙማን የቆዳን መሸፈኛ የሚሠራው ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶባቸው ይገኛል። በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት ግን ይህን ዓይነት ብልሽት እምብዛም አላገኘም። የውጭውን ምክር እንዳለ ገልብጠን ከመውሰዳችን በፊት የራሳችንን ቆዳ ማጥናት እንዳለብን ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

አይጂኢ እንዲህ የሚያስቸግር ከሆነ ለምን ተፈጠረ? ዋና ሥራው የአንጀት ትልን መዋጋት እንደሆነ ይታመናል። በዚህ ረገድ ከመቱ በበደሌ በኩል የምንደርስባት ጅማ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ስሟ ተነስቷል። በ1997 የታተመው ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ የአስም ምልክት ከከተማው ይልቅ በገጠሩ አነስተኛ መሆኑን አገኘ። ከዚያው ሕዝብ የተመረጡ ሰዎችን መርምሮ በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሁክዎርም የተባለው ደም መጣጭ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲያፏጭ እምብዛም እንደማይገኝ አመለከተ። ግምቱ ይህ ነው፦ ትል በሰው አንጀት ዕድሜውን ለማራዘም መከላከያችንን ያባብላል፤ በመባበሉም ለአለርጂ ያለው ቁጣ ይበርዳል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያሻል። ጥናቶቹ የአስምን ምልክት እንጂ የምግብ አለርጂን አልለኩም። በቡታጅራ ከ2005 ጀምሮ ከ1 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን መዝግቦ ልጆቻቸውን የተከተለው ጥናትም፣ በትል የተያዙት ሕፃናት ጥቂት ስለነበሩ ጥያቄውን ሊዘጋው አልቻለም። በኢኳዶር በ2006 የታተመ ሙከራ ደግሞ ለተማሪዎች የትል መድኃኒት ቢሰጥም አለርጂያቸው እንዳልጨመረ አሳይቷል። ሁክዎርም ደም ያሳንሳል፣ ልጅን ያቀጭጫል። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚታደለውን የትል መድኃኒት «አለርጂ ያመጣል» ብሎ ማስቀረት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የበሩና የአጥሩ ነገር በተግባር የተፈተነው በለውዝ ነው። በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለአለርጂ ተጋላጭ የሆኑ ልጆች እስከ 3 ዓመታቸው ለውዝ እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር። ምክሩ ጥንቃቄ ቢመስልም አለርጂው አልቀነሰም። በ2008 ተመራማሪዎች በእንግሊዝና በእስራኤል የሚያድጉ አይሁዳውያን ልጆችን ሲያነጻጽሩ፣ የለውዝ አለርጂ በእንግሊዞቹ ላይ አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። በእስራኤል ሕፃናት ከአንድ ዓመታቸው በፊት ባምባ የተባለ ከለውዝ የተሠራ ብስኩት መሰል ምግብ ይበላሉ፤ በእንግሊዝ ይከለከሉ ነበር። ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው ይህንን ለማረጋገጥ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን፣ ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን 640 ሕፃናት ወስደው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ለውዝ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንዲርቁ ተደረገ። በ2015 በወጣው ውጤት፣ 5 ዓመት ሲሞላቸው ከራቁት 17 ከመቶው፣ ከበሉት ግን 3 ከመቶው ብቻ አለርጂ ይዟቸዋል። መከልከሉ በሩን ዘግቶ አጥሩን ክፍት መተው ነበር።

ታዲያ ለዳሪሙ እናት ይህ ሁሉ ምን ይላታል? እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ የሚለው የጤና ኤክስቴንሽን ምክር እንደጸና ነው። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ ወይም የአብሽ ውሃ ማጠጣት «ማስለመድ» ተብሎ አይቆጠርም፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። ኢሉባቦር የማር አገር ቢሆንም ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ሰውነትን የሚያሽመደምድ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ከ6 ወር በኋላ ግን በሩ ይከፈት። በገንፎው ውስጥ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የሽሮ እህል፣ ልም ብሎ የተፈጨ ለውዝ፣ ዓሣ ከተገኘም ዓሣ፣ አንድ በአንድና በጥቂቱ ይግባ። የተስማማው እንዳይቋረጥ በየሳምንቱ ይደገም። ያልተፈጨ የለውዝ ፍሬ ግን ትንፋሽ ስለሚዘጋ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ከባድ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ ለውዝና እንቁላል ከማስጀመር በፊት የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ችፌው ራሱም ይታከም፤ ቆዳው ሽታ በሌለው ቫዝሊን ይለስልስ፤ ሕፃኑን የሚያቅፍ ሰው እጁን ይታጠብ፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ አይቀባ።

አንድ ጊዜ ሽፍታ ስለታየ ብቻ ከልጅ እንቁላልና ወተት መንፈግም አይገባም። በእኛ ማዕድ እነዚህን የሚተካ ምግብ በቀላሉ አይገኝም፤ ያለምክንያት የተከለከለ ልጅ ይቀጭጫል። በእርግጥ አለርጂ መሆኑን የሚለየው ባለሙያ ነው። ከተረጋገጠም፣ የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ብዙ ልጆች ከዕድሜ ጋር ይተዋቸዋል፤ የለውዝና የዓሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳይረሳ። ምግብ የበላ ወይም ንብ የነደፈው ሰው ድንገት ድምፁ ቢጎረንን፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ምላሱ ቢያብጥ፣ ቢዝለፈለፍ፣ «ቡዳ በላው» ወይም «ምች መታው» እያሉ ጭስና ቅጠል መፈለግ ጊዜ ያባክናል። በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሽ ካጠረው ደግፎ ማስቀመጥ፣ ማስነሳትና ማራመድ ፈጽሞ መተው፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ሕይወት የሚያተርፈው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የማሳከክ ክኒን አይተካውም። እንዲህ ያለ ከባድ አለርጂ ያለበት ልጅ ያለዎት ወላጅ፣ ዛሬውኑ በሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ አድሬናሊን መኖሩን ይጠይቁ።