ወሰን ሲለወጥ ድምፅ የት ይውላል? የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችና የምክር ቤት ምርጫ

በቀፊራ ገበያ ማለዳ ላይ የቆመ ሰው ድሬዳዋ ከተማ ብቻ አለመሆኗን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከደጋው ወገን አትክልትና ማገዶ፣ ከቆላው ወገን ወተትና ፍየል ይዘው የሚወርዱት የገጠር ነዋሪዎች ገበያውን የሚሞሉት የከተማው ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። የቀትሩ ሙቀት ሳይበረታ ሸጠው፣ ጨውና ስኳራቸውን ሸምተው ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ግብይቱ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ይካሄዳል። አንዱ ሻጭ በአንድ ጠዋት ሦስቱንም ሲናገር መስማት የተለመደ ነው።

ይህ ሕዝብ በገበያ ላይ ወሰን የለውም። ወሰን የሚገጥመው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ነው። መታወቂያ ለማውጣት፣ በሴፍቲኔት ለመመዝገብ፣ የይዞታ ክርክር ለማሰማት፣ በመጨረሻም ድምፅ ለመስጠት «የየት ቀበሌ ነዋሪ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ቀላል የሚመስለው ወሰኑ ባለበት ለቆየ ቀበሌ ነው። ቀበሌው ለሁለት ሲከፈል፣ ከሌላው ጋር ሲዋሃድ ወይም ወደ ከተማ ሲጠቃለል ግን ጥያቄው ራሱ ይከብዳል። በገጠር ሥራ ስንዘዋወር ከማኅበር መሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄም ይኸው ስለሆነ የድሬዳዋን ጉዳይ ከሥሩ ማየት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሲደርስ ነው። ደቻቱ ወንዝ ለሁለት ከፍሏት፣ በአንድ በኩል በዕቅድ የተሠራችው ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ አደጉ። የዛሬው የቀበሌ አደረጃጀት ግን ምንጩ ሌላ ነው። በከተማው በኩል የተጀመረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው። በገጠሩ በኩል ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። የገበሬ ማኅበር ክልል የተለካው በሰው ብዛት ሳይሆን በመሬት ስፋት ነበር። አዋጁ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር፣ መነሻ አድርጎ አስቀመጠ። ለመሬት ድልድል ይህ መለኪያ ምክንያታዊ ነበር። ለምርጫ ግን ሌላ ነው፤ 800 ሄክታር በደጋው ብዙ አባወራ ሲይዝ፣ ከብትና ግመል በሚሰማራበት ቆላ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ሊኖርበት ይችላል። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 71 ለማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነትና የፍርድ ሸንጎ ሲሰጥ፣ ለመሬት ተብሎ የተሰመረው መስመር የአስተዳደርም የዳኝነትም መስመር ሆኖ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ የተጀመረው የመንደር ምሥረታ ደግሞ ሰዉን ከየኮረብታው አንሥቶ በአንድ ቦታ ሲያሰፍር ሰፋሪና መስመር ተለያዩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ «የገጠር ቀበሌ» ቢባልም አርሶ አደሩ ዛሬም «ገበሬ ማኅበሬ» ማለቱን አልተወም፤ መስመሩንም የሚያስታውሰው በዚያው በጥንቱ ጅረትና ጋራ ነው።

የድሬዳዋ ከሌላው የሚለይበት ምክንያትም አለ። በ1980ዎቹ የክልሎች አደረጃጀት ሲመጣ ኦሮሚያም ሶማሌም ከተማዋን ይገባኛል አሉ። በዚህ የተነሣ በ1985 ዓ.ም. ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነ አስተዳደር ሆና ቆየች። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ሰጣትና የራሷ ምክር ቤት፣ ከንቲባና የቀበሌ እርከኖች ያሏት አስተዳደር ሆነች። በከተማው ብዙ የነበሩት ትናንሽ ቀበሌዎች ተዋህደው 9 ሆኑ። በገጠሩ ግን የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰሞን 32 ይባሉ የነበሩት የገጠር ቀበሌዎች ኋላ ተከፋፍለው 38 ደርሰዋል፤ ከእነዚህም በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂል፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ ዙሪያ የተሰባሰቡት ይታወቃሉ።

የከተማው ተዋህዶ ማነስና የገጠሩ ተከፍሎ መብዛት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አስተዳደሩ 341,834 ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ በከተማ፣ 108,610ሩ በገጠር ይኖር ነበር። ይህንን ለቀበሌዎቹ ብናካፍል ለአንድ የከተማ ቀበሌ ወደ 26 ሺህ ገደማ ሰው ሲደርስ፣ ለአንድ የገጠር ቀበሌ በ32 ሲካፈል ወደ 3,400፣ በ38 ሲካፈል ወደ 2,860 ይደርሰዋል። አንዱ የከተማ ቀበሌ የዘጠኝ ገጠር ቀበሌ ያህል ሕዝብ ተሸክሟል ማለት ነው። ስለዚህ ወንበር በቀበሌ ቁጥር ቢታደል ገጠሩ ይገንናል፤ በሕዝብ ቁጥር ቢታደል ደግሞ ከተማው ያይላል። የትኛውም ትክክል ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። በኛ ግምት፣ ገጠሩ በሕዝብ ብዛት ሲሦ እንኳ ባይሞላም የከተማዋ ውኃ፣ ማገዶና ምግብ የሚመነጨው ከእሱ ስለሆነ ጉዳዩ በራስ ቆጠራ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

በሌላው ዓለምም ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የምትባል አንዲት ኮረብታ ነበረች። ነዋሪዋ ጥሏት ሄዶ ባዶ መስክ ብትሆንም፣ የጥንት መስመሯ ስላልተነካ ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ትልክ ነበር። በፋብሪካ ሥራ ያበጠችው ማንቸስተር ግን አንድም አልነበራት። ይህ የተስተካከለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1832 ነው። ሰው ሄዶ መስመሩ ሲቀር የሚሆነውን የሐረርጌ ገበሬ ያለ እንግሊዝም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። በቻርተሩ ከተደራጀች በኋላ በድሬዳዋ ሰፊ የምክር ቤት ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ጋር ነው። ያን ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ስለነበር በአገሪቱ የተወዳደሩባቸው ወንበሮች ወደ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች በተወዳዳሪዎች ምዝገባ ላይ ደረሰብን ባሉት ጫና ራሳቸውን አገለሉ፤ ወንበሩንም ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። ቀጣዩ ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ተካሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመዘግየት ታሪክ ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን አልቆ በሚያዝያ 2010 ሊደረግ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ በአገሪቱ በነበረው አለመረጋጋት ተላለፈ። በ2011 ዓ.ም. ዳግም ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ተካተተ፤ መጀመሪያ ለሰኔ 5 ተይዞ የነበረው ተሸጋሽጎ ሰኔ 14 ቀን ከሌላው ጋር ተፈጸመ። የቀበሌ ምክር ቤት ግን አልተካተተም። በ2005 ሚያዝያ 17 ዓመቱ የነበረና ለድምፅ ያልደረሰ የጀልዴሳ ወጣት በ2017 ዓ.ም. 29 ዓመት ሲሞላው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ምናልባትም የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ፣ የቀበሌውን ምክር ቤት ግን አንድ ጊዜም አልመረጠም። ከ2005 በኋላ ተከፍሎ የተቋቋመ ቀበሌ ደግሞ ያለው ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በሽግሽግ የተገኘ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል ቢባል፣ መልሱ ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ቀበሌ ሲከፈል የሚከፈለው መሬቱ ብቻ አይደለም። የአባወራ መዝገብ አለ፤ የሴፍቲኔት ተረጂዎች ዝርዝር አለ፤ ወፍጮ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን፣ የእንስሳት ክሊኒክ፣ የውኃ ቦኖ፣ ማኅተም ሳይቀር አለ። በድርቅ ዓመት ከእነዚህ ሁሉ የሚያከራክረው የተረጂዎች ዝርዝር ነው። ኮታው ለአሮጌው ቀበሌ በአንድነት የመጣ ከሆነ፣ አዲሱ ቀበሌ ድርሻዬ ይሰጠኝ ሲል አሮጌው «የእናንተን ስም አላውቅም» ይላል። ከሁለቱ ቀበሌዎች መካከል ቤቱ የወደቀ ሰው በሁለቱም ዝርዝር ሳይገባ ሊቀር፣ ብልጥ የሆነው ደግሞ በሁለቱም ሊገባ ይችላል። የመራጮች መዝገብም ከዚሁ የሚለይ አይደለም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ምንጩ ከመስመሩ ወዲህ፣ ተጠቃሚው ከመስመሩ ወዲያ ሲሆን ኮሚቴው ለየትኛው ምክር ቤት ሒሳቡን ያቀርባል? በልማት ሥራ ልምድ እንዳየነው፣ ወሰን ከመለወጡ በፊት የጋራ መተዳደሪያ ያላወጣ ቦኖ ሞተሩ የተበላሸ ቀን ባለቤት ያጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ደቻቱ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ጎርፉ የመጣው በደቡብ ካለው ደጋ፣ እርከን ካልተሠራለት ዳገት ነው። ያ ዳገት ከፊሉ በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች፣ ከፊሉ ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ነው። በከተማው የሞተውን ሰው ሞት ለመከላከል እርከን መሥራት የነበረበት ገበሬ ከሟቹ ጋር አንድ ምክር ቤት የመረጠም፣ ያልመረጠም ነበር። የገጠር ተወካይ በከተማው ምክር ቤት መቀመጡ ለገበሬው ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ወደ ከተማ መጠቃለልም የራሱ ጣጣ አለው። ድሬዳዋ በመልካ ጀብዱና በሌሎች አቅጣጫዎች እየሰፋች ስትሄድ፣ የገጠር የነበረው ይዞታ በከተማ ሕግ ሥር ይወድቃል። የገጠር መሬት በይዞታ መብት ሲያዝ፣ የከተማ ቦታ ከ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ወዲህ በሊዝ ነው። ለሚነሣ አርሶ አደር የሚከፈለው ካሣ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የነበረውን ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ እሱም በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። መስመሩ ከመሻገሩ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሲሆን፣ መስመሩን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ለገበሬው የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በድሬዳዋ የወንበር ክፍፍል ከወሰን በተጨማሪ በሌላ ስሌት ሲሠራ መቆየቱም መዘንጋት የለበትም። 40-40-20 በመባል የሚታወቀው አሠራር 40 በመቶውን ለኦሮሞ፣ 40ውን ለሶማሌ፣ 20ውን ለሌሎች ያደላደለ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ወንበሩ አስቀድሞ በስምምነት ከተደለደለ፣ የቀበሌው መስመር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ውጤቱን ብዙም አይለውጠውም፤ መራጩም ለመስመሩ ግድ ያጣል።

በዙሪያችን ያለው ልምድ ደግሞ ግድ ማጣት እንደማያዋጣ ያሳያል። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ መካከል በሚያከራክሩ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 80 በመቶ ገደማ ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ክርክሩ ግን በየቦታው አልበረደም። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማም ምርጫ ቦርድ በአፋርና በሶማሌ መካከል በሚያወዛግቡ 8 ቀበሌዎች ሊከፈቱ የነበሩ 30 የምርጫ ጣቢያዎችን ማስቀረቱ ይታወሳል። ወሰኑ አስቀድሞ ባለመለየቱ እዚያ ያለው ሰው የምርጫ ጣቢያ ሳያገኝ ቀረ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ፣ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ላይ ተመሥርተው፣ ከምርጫ ቦርድ በሚቀርብ ሐሳብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰኑ ያዛል። የ1999ኙን የሚተካው ቆጠራ ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። የቀበሌ መስመር ሲለወጥ የምርጫ ክልሉ መስመር ባለበት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአዲሱ አደረጃጀት የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሆነው በምርጫ ዕለት ወደተለያየ ጣቢያ ቢላኩ አይግረማችሁ።

እንግዲህ የማኅበር መሪ ከምርጫ በፊት በእጁ ያለውን ሥራ ማየት ይችላል። የ2011 ዓ.ም. የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የአባወራ መዝገቡ የነዋሪውን የመጣበትን ወር ካልያዘ፣ በተከፈለ ቀበሌ የሚኖር ሰው «አዲስ ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። መታወቂያው በአሮጌው ቀበሌ ስም የተጻፈ ከሆነም ምዝገባ ሳይጀመር መለወጡ ይመረጣል። ለእረኞችና ከብት ይዘው ለሚንቀሳቀሱ የአሰሊሶ ወገን ቤተሰቦች ወቅቱ ራሱ ወሳኝ ነው፤ ምዝገባው እነሱ ከመንደር በራቁበት ሰሞን ከዋለ ስማቸው አይገኝም፤ ይህንን ለጣቢያው ኃላፊ አስቀድሞ ማሳወቅ የመሪው ፋንታ ነው።

ወሰኑን በተመለከተ አንዳንድ ቦታ የሚሠራበት መንገድ አለ። የሁለቱ ቀበሌ ሽማግሌዎች ከክረምቱ በፊት፣ ጅረቱ ደርቆ መሬቱ በሚታይበት ጊዜ፣ መስመሩን አብረው በእግር ይዞሩታል፤ ቃለ ጉባዔው በሚግባቡበት ቋንቋ ተጽፎ በሦስት ቅጅ ይፈረማል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሦስተኛው በአስተዳደሩ ይቀመጣል። ቦኖው፣ ወፍጮውና መጋዘኑ በየትኛው ወገን እንደዋሉ፣ ማን ቁልፍ እንደያዘ፣ በጋራ የሚጠቀሙት ስንት አባወራዎች እንደሆኑ እዚያው ላይ በስም ይዘረዘራል።