ከበዓል ማእድ የተረፈውን ስለ መጠበቅ

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ጊዜ፥ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ማእድ ሲሰፋ፥ ጎረቤት ከጎረቤት፥ ዘመድም ከዘመድ ሲጠራራ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። የቤት እመቤትም እንግዳ በድንገት መጥቶ እንዳታፍር ስትል ከሚበቃው አብልጣ ትሠራለች፤ ይህም ደግ ልማድ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እሑድ አልፎ ሰኞ ሲነጋ፥ ድስቱ ገና ሳይጎድል፥ መሶቡም ሳይራቆት፥ «ይህን ሁሉ ምን እናድርገው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለእኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከትንሣኤ በኋላ፥ ማክሰኞ ማታ፥ አንዲት ወዳጃችንን እንኳን አደረሰሽ ልንል ብንሄድ ቤቷን ዘግታ ወደ ሐኪም ቤት መሄዷን ጎረቤት ነገረን። ቅዳሜ ማታ የተሠራው የዶሮ ወጥ በሸክላ ድስት እንደ ተከደነ ከምድጃው አጠገብ ሰንብቶ፥ ማክሰኞ ጠዋት ጥቂት ሞቅ ተደርጎ ለልጆች ቀርቦ ኖሯል። ሽታው አልተለወጠም፤ ጣዕሙም መልካም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የ4 ዓመት ልጇን ትውከትና ተቅማጥ አጣደፈው። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ዳነ፤ እናቲቱን ግን ሌላ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣት። ከዚያው ወጥ በዚያው ጠዋት በደጃፏ ለቆሙ ለአንዲት አሮጊት ሰጥታ ነበርና፥ «እኔስ ልጄን ታቅፌ ሮጥሁ፤ እሳቸውን ማን ይዟቸው ይሮጣል?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ስለ ተረፈ ምግብ ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ጌታችን በ5 የገብስ እንጀራና በ2 ዓሣ 5,000 ሰው ከመገበ በኋላ የተረፈው እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። በምድረ በዳ ግን ከመናው ለማግስቱ ያሳደሩት ሰዎች ተልቶና ሸትቶ አገኙት። እንግዲህ የተረፈውን መጣል በረከትን መናቅ ሲሆን፥ ያለ ጊዜው ማከማቸት ደግሞ በረከቱን ወደ ጉዳት መለወጥ ነው። ብልኅ የሆነች እመቤት ሁለቱን ትለያለች።

ለመሆኑ ወጥ በተከደነበት እንዴት ይበላሻል? ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያንስ፥ ከ5 ዲግሪም ሲበልጥ፥ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን እጅግ ፈጥነው ይራባሉ። የሸክላ ድስት ሙቀትን ይዞ ማቆየቱ በማእድ ጊዜ ምስጋናው ነው፤ ከማእድ በኋላ ግን ወጡን ለብ እንዳለ ለረዥም ሰዓት ስለሚያቆየው ለእነዚህ ተሕዋስያን የተመቸ ቤት ይሆንላቸዋል። በርበሬውና ቅቤው ይጠብቁታል ብሎ መታመንም አይገባም። ከተሕዋስያኑም አንዳንዶቹ የሚተፉት መርዝ ወጡ ደግሞ ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁ» ማለት ብቻ መተማመኛ አይሆንም፤ አፍንጫና ምላስም እውነተኛ ዳኞች አይደሉም።

ይህ ከታወቀ ሥራው ከባድ አይደለም። እንግዶች እንደ ተነሡ፥ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፥ የተረፈውን ወጥ ከትልቁ ድስት አውጥቶ ጥልቀታቸው ከ3 ጣት በማይበልጥ ንጹሓን ዕቃዎች ማካፈል፥ ዕቃዎቹንም ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ አስቀምጦ ማብረድ፥ ከዚያም ከድኖ ፍሪጅ በሚባለው ማቀዝቀዣ ማኖር ይገባል። ቆላ በሆነ አገር ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት እንኳ ይበዛል። ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ወጡ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ስለዚህ የትንሣኤን ወጥ ለዳግም ትንሣኤ ማቆየት አይቻልም፤ ይህን የሚሻ ሰው በመጀመሪያው ቀን በበረዶ ቤቱ ያስገባው። እንቁላሉን ግን አስቀድሞ ያውጣ፤ የተቀቀለ እንቁላል በበረዶ ሲቆይ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናልና።

ለመብላት በተፈለገ ጊዜ ለዚያ ማእድ የሚበቃው ብቻ ይወጣል እንጂ ሁሉ አይሞቅም፤ ደጋግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ያበላሻልና። የወጣውም እስኪንተከተክ ድረስ እየተማሰለ መፍላት አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ይበቃል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት ነው፤ ሳይከፈት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ በረዶ ቤት ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ይቆያል።

ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ቤት ከሁሉ የሚሻለው መጥኖ መሥራት፥ የተረፈውንም በዚያው ቀን ለጎረቤትና ለዘመድ ማካፈል ነው። ለማታ የሚቆየውን በትንንሽ ድስት ከፍሎ ፈጥኖ ማብረድ፥ ነፋሻ በሆነ ስፍራ ማኖር፥ ከመብላት በፊት በሚገባ ማፍላት ይገባል፤ ለማግሥት ግን አይደር።

ሥጋን በተመለከተ፥ ዱለትና ጨጓራ ፈጥነው የሚበላሹ ስለ ሆኑ በዕለቱ ይበላሉ። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎም ከዚያ ቀን አያልፉም፤ የተረፈው ይጠበስ። አጥንቱ በዕለቱ ቢቀቀል ለሕፃናትና ለሽማግሎች የሚስማማ መረቅ ይወጣዋል። ቀዩ ሥጋ ግን ቋንጣ ይሁን፦ ስቡ ተለይቶ፥ በረዥሙ ተዘልዝሎ፥ ጨውና በርበሬ ታሽቶ፥ ዝንብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ በገመድ ይሰቀላል። ስቡን መለየት የሚያስፈልገው ስብ ከሰነበተ ስለሚከረፋ ነው። ቋንጣ የሚዘለዘለው በዕርዱ ቀን ከትኩሱ ሥጋ ነው፤ በ3ኛው ቀን የጠወለገውን ሥጋ በጨው አድናለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። የትንሣኤ ወራት የበልግ ዝናም ያለበት ስለ ሆነ እርጥበት እንዳያገኘው መጠበቅ ይገባል። ደርቆ ሲጎብጥ የሚሰበር ሲሆን በደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ሲፈለግም ተጠብሶ በቋንጣ ፍርፍር ይበላል።

እንጀራም ሳይሻግት በ2ኛው ቀን ተቆራርሶ በሰፌድ ላይ በፀሓይ ቢሰጣ ድርቆሽ ይሆናል፤ በደረቅ ዕቃም ለወራት ይቆያል፤ ለመንገደኛ ስንቅ፥ ሥራ ለበዛባትም እናት ፈጥኖ የሚደርስ ምግብ ነው። የሻገተ እንጀራ ግን የሻገተው ብቻ ተቆርጦ የቀረው አይበላም፤ የሻጋታው ሥር ከሚታየው አልፎ ይሄዳልና። ድፎ ዳቦ በስሱ ተቆርጦ በምጣድ ቢደርቅ ለቡና ቁርስ ይሆናል፤ በቅቤና በበርበሬ ቢታሽም መልካም ፍርፍር ይወጣዋል። ሰው በእጁ ከቈረሰው ትሪ የተረፈው ግን ወደ ድስቱ አይመለስ።

የጾሙን ሥርዓት ማሰብም ያስፈልጋል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የተረፈውን በተከታታይ መብላት ይቻላል። ከልደትና ከጥምቀት በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብ ወዲያው ስለሚመለሱ እመቤቲቱ ቀኑን ቆጥራ ትሥራ፤ ከጾሙ በፊት የማያልቀውንም በጊዜው በበረዶ ታስገባው ወይም ታካፍለው።

የነዳያንን ነገር ወደ መጨረሻ ያደረስነው ቀላል ስለ ሆነ አይደለም። ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምንሰጣቸው እኛ ከጠገብን በኋላ የቀረውን፥ ከዚያም ለራሳችን ልጆች የፈራነውን ነው። የተራበ ሰው ሆዱ ከእኛ ሆድ የጸና አይደለም፤ ይልቁንም በዕድሜና በችግር የደከመ ነውና ፈጥኖ ይታመማል። እኛ የማንበላውን ምጽዋት ብለን ብንጠራው ስሙ ይለወጥ ይሆናል እንጂ ምግቡ አይለወጥም።

ያች ወዳጃችን ልጇ በዳነ በሳምንቱ አሮጊቷን ስትፈልግ ቆይታ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ታመው ነበር ወይ ብላ ብትጠይቅ፥ «ጥቂት አሞኝ ነበር፤ ተወኝ» ብለው መረቋት እንጂ ምክንያቱን አልጠረጠሩም። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ወጡ ከእሳት ሲወርድ ከሁሉ በፊት የሚወጣው ሳሕን የእሳቸው ነው፤ ትኩሱን ከእንጀራው ጋራ ሸፍና ራሷ ታደርስላቸዋለች። የቀረውም በቤት ሰው ቁጥር ተመጥኖ ስለሚሠራ በማግስቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኛም አንባብያን ለሚመጣው በዓል ይህን ሥርዓት በየቤታቸው እንዲሞክሩት እናሳስባለን፤ እንኳን አደረሳችሁ የምንባባልበት ማእድ ከበላነው ሁሉ ለማንም የሕመም ምክንያት እንዳይሆን።