የውድድር መኪናው ጭስ የት ሄደ?

ከጅዳ የደረሰን የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። ላኪዋ ከኮርኒሹ ብዙም በማይርቅ ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። «እህቴ፣ እናንተ ጋዜጣ ላይ ስላላችሁ ታውቁ ይሆናል» ብላ ትጀምራለች። «የማዳም ልጅ እነዚህ የውድድር መኪናዎች ቤንዚን ትተዋል፣ በኤሌክትሪክ ሆነዋል ይለኛል። ታዲያ አምና ለምን እንዲያ ይጮኹ ነበር? ሕፃኗን ማስተኛት አቅቶኝ ነው ያደርኩት።» ቀጥላ ዋናውን ጉዳይ ታነሳለች። ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ውስጥ ለሜትር ታክሲ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አስቧል፤ ከገንዘቡ አብዛኛው የሚወጣው ከእሷ ነው። «እነዚያ ሀብታሞቹ ካመኑት እኛም እንመነው ወይ?»

የእኔ ሥራ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። በውድድር ሰሞን ከሚደርሱኝ መግለጫዎች «ወቁድ ሙስተዳም» የምትል ሐረግ አትጠፋም። «ዘላቂ ነዳጅ» ብዬ ተርጉሜያት አልፋለሁ። ትርጉሙ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ነዳጁ ከምን እንደተሠራ፣ ሲቃጠል ምን እንደሚወጣው፣ ለመሥራትስ ምን እንደጠፋ አንዱንም አይናገርም። የእህታችን ጥያቄ ያቺን ሐረግ ከፍቼ እንዳያት አስገደደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጩኸቱ። የማዳም ልጅ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ ጅዳ ላይ የሮጡት ሁለት ዓይነት መኪናዎች ናቸውና። በፌብሩዋሪ 2025 ኮርኒሹ ላይ የተወዳደሩት የፎርሙላ ኢ መኪናዎች ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሄዱ ናቸው፤ ድምፃቸው የጁስ መፍጫ ዓይነት ፉጨት ነው። ይህ ውድድር ወደ ሳዑዲ የገባው በዲሴምበር 2018 ዲርዒያ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል፣ እዚያው ኮርኒሽ ላይ የመጡት ግን የፎርሙላ 1 መኪናዎች ናቸው። እነዚህ ከ2014 ጀምሮ ሃይብሪድ ናቸው፤ ነዳጅ የሚያቃጥል ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው ይገፏቸዋል። ሕፃኗን የቀሰቀሷት እነዚህኞቹ ናቸው።

የ2026ቱ አዲስ ደንብ ድርሻውን ለውጦታል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት ከፍ ብሎ የመኪናውን ኃይል ግማሽ ያህል ሊሸፍን ተቃርቧል። ቀሪውን የሚሰጠው ሞተር ደግሞ ከምድር ከወጣ ዘይት የተጣራ ቤንዚን ትቶ ዘላቂ የተባለውን ነዳጅ ብቻ እንዲያቃጥል ታዟል።

ከአተላ የሚወጣ ነዳጅ

ዘላቂ ነዳጅ ማለት በማርሚታው በኩል ጭስ አይወጣም ማለት አይደለም። ሲቃጠል ልክ እንደ ቤንዚን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ሳንባን የሚጎዱት የናይትሮጅን ጋዞችም ይወጡታል። ልዩነቱ ካርቦኑ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። የቤንዚን ካርቦን ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ተቀብሮ የኖረ ስለሆነ ስናቃጥለው አየሩ ላይ አዲስ ጭማሪ ይሆናል። የዘላቂው ነዳጅ ካርቦን ግን ተክል ከአየር የሳበው ወይም በፋብሪካ ተይዞ የተጠራቀመ ነው፤ ሲቃጠል ወደነበረበት ይመለሳል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ዜሮ ይመጣል። ነዳጁን ለማምረትና ለማጓጓዝ የጠፋው ጉልበት ሲደመር ግን ዜሮ መሆኑ ይቀራል።

ነዳጁን ለማግኘት አንዱ መንገድ አረቄ የሚወጣበት መንገድ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየች ሰው ነገሩን ታውቀዋለች፤ የተብላላው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተይዞ ሲቀዘቅዝ አልኮል ይሆናል። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያወጡት ኤታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረው በዚሁ ስልት ነው። ሌማን የሚገኝበትና ወደ ባሕሬን ሳኺርም የሚመጣው የዓለም የጽናት ውድድር ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የሚጠቀመው ቶታል ኢነርጂስ ከወይን ጠጅ ተረፈ ምርት የሚሠራውን ነዳጅ ነው። በእኛ ቋንቋ የወይን ጠጅ አተላ ልንለው እንችላለን። በባሕረ ሰላጤው ምድር በወይን ጠጅ አተላ የሚሮጥ መኪና መኖሩን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ።

አተላ ማቃጠል ማንንም አይጎዳም። ችግሩ አተላው ውሱን መሆኑ ነው። ለጥቂት ደርዘን የውድድር መኪና ይበቃል፤ ለዓለም መኪና ሁሉ ይዳረስ ከተባለ ግን ተረፈ ምርቱ ያልቅና ፊት ወደ እርሻ መሬት ይዞራል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ በወላይታና በምሥራቅ ሐረርጌ የውጭ ኩባንያዎች ለነዳጅ ብለው ጉሎ አስተክለው ነበር። ፕሮጀክቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ከሰሙ፤ ጉሎ ደግሞ አይበላም።

ሁለተኛው መንገድ እርሻ አይነካም። ውሃ በኤሌክትሪክ ተሰንጥቆ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ ሃይድሮጅኑ ከተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ሰው ሠራሽ ቤንዚን ይሆናል። የሚያሳስበው የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ለእህታችን ያስረዳሁት በሐዋላ ነው። 100 ሪያል በቀጥታ ለቤተሰብሽ ብትልኪ ኮሚሽን የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው። አራት ሰው እየተቀባበለ ካደረሰው ግን እያንዳንዱ የራሱን ያነሳል። የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ቀጥታው ሐዋላ ነው፤ ከማመንጫው ከተነሳው 100 እጅ ጉልበት 70 ያህሉ ጎማው ጋ ይደርሳል። ሰው ሠራሹ ነዳጅ ግን ውሃ ለመሰንጠቅ አንድ ጊዜ፣ ካርቦን ለመያዝ አንድ ጊዜ፣ ለማዋሃድ አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻም በሞተር ሲቃጠል በሙቀት መልክ ከሁሉ የበለጠውን ያስቆርጣል። ጎማው ጋ የሚደርሰው ከ20 እጅ በታች ነው።

የፎርሙላ 1 ትልቅ ስፖንሰር ከ2020 ጀምሮ አራምኮ ነው። በ2023 ለፎርሙላ 2 እና ለፎርሙላ 3 መኪናዎች 55 በመቶው ዘላቂ የሆነ ነዳጅ ያቀረበውም እሱ ነው። የነዳጅ ኩባንያ ይህን መንገድ ለምን እንደሚወድ መገመት አይከብድም፤ የሚለወጠው የሚቀዳው ነገር ብቻ ሲሆን ሞተሩም፣ ቦቴውም፣ ማደያውም እንዳለ ይቀጥላል። ይህን ስል ሥራው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሩቅ አገር የሚበር ትልቅ አውሮፕላን ዛሬ ባለው ባትሪ አይነሳም፤ እሱን ለመሳሰለው እንዲህ ያለ ነዳጅ ያስፈልጋል። በባትሪ መሄድ ለሚችል የከተማ መኪና ግን ያን ያህል ኤሌክትሪክ ማባከን ለእኔ ሒሳቡ አይገባኝም።

ባትሪውስ?

ፎርሙላ ኢ በ2014 ሲጀመር ባትሪው ውድድሩን መጨረስ አይችልም ነበር። አሽከርካሪው መሐል ላይ ገብቶ ይወርድና ቻርጅ ተደርጎ በቆመ ሌላ መኪና ውስጥ ዘሎ ይገባል። ንጹህ ለተባለ ውድድር፣ ለአንድ ሰው ሁለት መኪና! አራት የውድድር ዘመን እንዲህ ታለፈ፤ በ2018 መጨረሻ ብቅ ካለው አዲስ መኪና ወዲህ ግን አንድ ባትሪ ያደርሳል። የሚሞሉት ደግሞ በጄኔሬተር ነበር። ናፍጣ እያነደዱ የኤሌክትሪክ ውድድር ማካሄድ ስለሚያሳፍር በግሊሰሪን የሚሠራ ጄኔሬተር ተዘጋጀ፤ በእጅ ቅባት ውስጥ ያለው ያው ግሊሰሪን።

በሳዑዲ በረሃ የተሞከረው ሌላው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ዳካር ራሊ ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ነው። ኦዲ ለዚህ ራሊ የሠራት መኪና ጎማዎቿን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሩብ አል-ኻሊ አሸዋ መሐል ቻርጅ ማድረጊያ ስለሌለ፣ ባትሪውን የሚሞላ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በውስጧ ተሸክማ ትሄዳለች። ካርሎስ ሳይንዝ በ61 ዓመቱ የ2024ን ዳካር ያሸነፈው በእሷ ነው። ብዙዎች «የኤሌክትሪክ ድል» ብለው ዘገቡት። ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት አገር የባትሪ መኪና ነዳጅ እንደሚከተላት የሚለውን ግማሽ ግን ጥቂቶች ናቸው የጻፉት።

ባትሪ ገና መኪናው ላይ ሳይገጠም የሚያስከትለው ጉዳትም አለ። በዓለም ላይ ከሚቆፈረው ኮባልት 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ ከፊሉን በእጃቸው የሚቆፍሩት ድሆች ናቸው፣ ሕፃናትም ጭምር። በቺሊ አታካማ በረሃ ሊቲየም ለማውጣት ጨዋማ ውሃ ከመሬት ሥር ተስቦ በፀሐይ እንዲተን ይደረጋል፤ ያ አካባቢ ከዓለም ደረቅ ቦታዎች አንዱ ነው። ኮባልት የሌለባቸው ባትሪዎች ዛሬ በብዙ የቻይና መኪናዎች ላይ መግባታቸው እፎይታ ነው፤ የሊቲየሙ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይመጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ጋዝ ወይም ዘይት በማቃጠል ነው፤ ኤምሬቶች የበራካ የኒውክሌር ጣቢያና ሰፋፊ የፀሐይ ማመንጫዎች ስላሏት ትንሽ ትለያለች። ስለዚህ ጅዳ ላይ ቻርጅ የተደረገ መኪና ጭሱን አላጠፋውም፤ ከመንገዱ ወደ ማመንጫው አዛወረው። እንዲያም ሆኖ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት ስለማያባክን፣ በጋዝ ኤሌክትሪክ የተሞላ መኪና እንኳ በሙሉ ዕድሜው ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን መኪና ያነሰ ይበክላል።

0.7 በመቶ

አሁን በሥራዬ ላይ ከተረጎምኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ፎርሙላ 1 በ2019 እስከ 2030 የካርቦን ሚዛኔን ዜሮ አደርጋለሁ ብሎ ሲያውጅ፣ የ2018ን ሒሳቡን ይፋ አድርጎ ነበር፤ 256,551 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከዚህ ውስጥ ከመኪናዎቹ ሞተር የወጣው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። 45 በመቶው የዕቃ ማጓጓዝ፣ 27.7 በመቶው የሠራተኞች ጉዞ፣ 19.3 በመቶው የፋብሪካና የቢሮ ነው። ውድድሩን ሊያይ የሚበረው ተመልካች በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

እናንተ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። በየክፍሉ ኤሲው ቀንና ሌሊት እየሠራ፣ ማዳም የመብራት ሒሳብ በዛ ብላ የስልክሽን ቻርጀር ከሶኬት እንድትነቅዪ ብታዝሽ ቻርጀሩን ትነቅያለሽ። ሒሳቡ ግን አይቀንስም።

በ2025 የተካሄዱት ውድድሮች 24 ነበሩ፤ አራቱ እዚሁ ባሕረ ሰላጤ። ባሕሬንና ጅዳ በኤፕሪል ተከታትለው ተደረጉ፤ ሉሴይልና አቡ ዳቢ ግን ለዓመቱ ማብቂያ ተቀመጡ። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ወደዚህ አካባቢ ሁለት ጊዜ መጣ። ሉሴይል የደረሰውም ከአንድ ሳምንት በፊት ከነበረበት ከላስ ቬጋስ ነው፤ ጎማ፣ መሣሪያ፣ ኮምፒውተር፣ ሰው፣ ሁሉም የዓለምን ግማሽ በአውሮፕላን አቋርጦ። በዚያ ሳምንት መኪናው ውስጥ የተቀዳው ምን ዓይነት ነዳጅ ነው ብሎ መከራከር የቻርጀሩ ነገር ነው።

ለእውነቱ ሲባል ድርጅቱ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ2024 መጨረሻ ላይ ከ2018 ሲነጻጸር 26 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። ትልቁ ቅናሽ የመጣው ቡድኖቹ ለፋብሪካቸው ከታዳሽ ምንጭ ኤሌክትሪክ በመግዛታቸው ነው፤ በአውሮፓ ውድድሮች መካከል ዕቃ የሚያመላልሱት የጭነት መኪናዎችም ወደ ባዮ ነዳጅ ዞረዋል። ለዚህ ማንም ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ አያጨበጭብም። መግለጫው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የውድድር መኪናው ነዳጅ ነው፤ እኔም እሱኑ በትልቁ እየተረጎምኩ ኖሬያለሁ።

ታዲያ የወንድሟ መኪና? እዚህ ላይ ሒሳቡ ከጅዳው ይለያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ በ2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። አዲስ አበባ ላይ ቻርጅ የተደረገ መኪና ጭሱን ወደ ሌላ ቦታ አያዛውረውም፤ በእርግጥም ይቀንሰዋል። ከዚያም በላይ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ከውጭ ለሚመጣ መኪና ምርጫው ጠባብ ነው።

የማስጠነቅቃት ነገር ከውድድሩ ሜዳ የተወሰደ ነው። የውድድር ቡድኖች ባትሪው እንዳይግል የማያደርጉት ጥረት የለም፤ ሙቀት ባትሪን ያስረጃልና። ያገለገለ መኪና ከሆነ፣ በተለይ የባሕረ ሰላጤውን በጋ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ፣ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መታየት ያለበት ባትሪው ካዲሱ አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው ነው፤ ይህ በኮምፒውተር ይነበባል። ባትሪው የመኪናው ትልቁ ዋጋ ስለሆነ እሱ ከደከመ የተገዛው ቆርቆሮ ነው። ሥራው ከከተማ ወጥቶ ክፍለ ሀገር የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ የኦዲዋን መኪና አስታውሺ አልኳት፤ መንገድ ላይ ቻርጅ የሚገኝበትን ቦታ ሳያጣራ እንዳይነሳ።

መልሴን በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት፤ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ማታ ላይ ሥራ ስትጨርስ መለሰችልኝ። «የባትሪውን ምርመራ ወረቀት ካላየሁ ብር አልልክም ብዬዋለሁ፤ ተቆጥቷል፣ ይለፍለታል» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፦ «ጩኸቱ ግን ይቀርልኛል ወይ?»

አይቀርም አልኳት፤ ግማሹ ጉልበት አሁንም የሚመጣው ነዳጅ ከሚያቃጥለው ሞተር ነው።