የአባት ኀፍረትና የልጅ ትምህርት
«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በአሜሪካ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንዳንድ አባቶች ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ በተሰናዳ ጊዜ ገቢያቸውን መግለጥ እንደ ኀፍረት ይቈጥሩታል። በዚያ አገር ግን በ1965 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ከወጣ ወዲህ፥ መንግሥት የተቸገረውን ተማሪ የሚረዳው የቤቱን ገቢ መርምሮ ነው። ፋፍሳ የሚባለው የርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ ያለ ክፍያ ይቀርባል። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮም ወላጁ የግብሩ መዝገብ እንዲታይ ካልፈቀደ፥ በእርሱ የሚተዳደረው ልጅ ፔል የሚባለውን ስጦታ አያገኝም። ይህም ስጦታ በ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር ሲደርስ ተመላሽ የለውም፤ ብድር ግን ከነወለዱ ይከፈላል። እንግዲህ አባት አፍሮ ዝም ቢል ዕዳውን የሚሸከመው ልጁ ነውና፥ ፈቃዱን በጊዜው ሊሰጥ ይገባዋል።