ስለ ምድር ውስጥ ውሃ ስሌት

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ውሃው በምድር ውስጥ በየት በኩል ተጕዞ እንደሚፈልቅ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ዓይን ያላየውን ቍጥር ይደርስበታል።

የዚህን ሂሳብ ሕግ የፈረንሳዩ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ውሃን በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ መርምሮ በ1856 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሕጉም ውሃ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል፤ የሚያልፈውም መጠን እንደ ቍልቍለቱና እንደ አፈሩ አሳላፊነት ነው ይላል። ለምሳሌ በ1,000 ሜትር ርቀት ባሉ ሁለት ጕድጓዶች መካከል የውሃው ከፍታ በ5 ሜትር ቢበላለጥ፣ የአፈሩ አሳላፊነት በቀን 10 ሜትር ቢሆን፣ ውሃ ያዘለው ንጣፍም ወርዱ 1,000፣ ውፍረቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል።

ሞዴል የሚባለው ምድሩን እንደ ገበታ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ የሚይዝ መዝገብ ነው። ገቢው ከዝናብና ከወንዝ የሚሰርገው ሲሆን፣ ወጪው በምንጭ፣ በጕድጓድና በዛፍ ሥር የሚሄደው ነው። የመዝገቡንም ሂሳብ ኮምፒውተር ይሠራዋል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የዛሬው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን በውሃ ሙያ ያሠለጥናል።

ይህ ሂሳብ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ በጋሞ ቆላ የሙዝ እርሻ በመስኖ ይለማል። ከምድር የሚቀዳው ከሚሰርገው ቢበልጥ፣ ጕዳቱ ዛሬ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በጎረቤት ጕድጓድና በምንጩ ላይ ይገለጣል። ሞዴሉ ግን ጕድጓዱ ሳይቈፈር አስቀድሞ ያመለክታል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ባንድ ሥርዓት የብዙ ዘመን በዓላትን ያወጣል፤ የጨረቃ አካሄድ በሰው እጅ አይለወጥምና። ውሃ ግን በሰው እጅ ስለሚለወጥ ዘወትር መለካት ይገባዋል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ከአንድ ምልክት ጀምሮ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት እንዲለካና ከዝናቡ መጠን ጋር እንዲጻፍ አድርጉ። ያልተለካበት ወር ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ። ባዶ ስፍራ ሂሳቡን ያጐድለዋል፤ ሐሰተኛ ቍጥር ግን ያስተዋል፤ በእርሱም የተፈቀደው ጕድጓድ የሌላውን ገበሬ ውሃ ያደርቃል።